ለድሬ ሰው፦ አባታችንን ስላገኛችሁልን

በወጉ የምስጋና መልእክት የሚጻፈው ከቀብር በኋላ ነው፤ «በሐዘናችን ወቅት ከጎናችን ለቆማችሁ» ተብሎ። የእኛው ይለያል። አባታችን ደህና ነው። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ግን ድሬዳዋ ላይ ለሰባት ሰዓት ያህል ጠፍቶብን ነበር። ያገኘነውም በእኛ ብልሃት አይደለም።

አባባ ከ1960 እስከ 1995 ምድር ባቡር ሠርቷል። እሱ ራሱ ግን «ሸመንደፈር» ነው የሚለው፣ እንደ ድሬ ሽማግሌዎች። በጥገና ወርክሾፑ ብረት እየበየደ ነው ያሳደገን። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ወንዙ ዳር የነበረው ቤታችንም አብሮ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ገባን። አባባ አዲስ አበባን ወዷት አያውቅም። የሚያማርረው ብርዱን እንዳይመስላችሁ፤ «አንቱ» መባሉን ነው። ድሬ ላይ ገና አፉን የፈታ ሕፃን እንኳ «አንተ» ይለው ነበር። እዚህ አንቱ ሲሉት ማንን ነው ብሎ ዞሮ ኋላውን ያያል።

ላለፉት አራት ዓመታት የመርሳት ሕመም አለበት። እናታችን ከማረፏ በፊት ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችው ጃንጥላ ሳይገባ ቀርቶ ነበርና ዘንድሮ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሲመጣ «ስለቷን እናድርስላት፣ በዚያውም አባባ አገሩን ይይ» ተባባልን። ባቡር ሠራተኛን በአውሮፕላን መውሰድ ነውር መሰለንና ከለቡ በአዲሱ ባቡር ተሳፈርን።

ነገሩ የተበላሸው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ እኛ አላስተዋልንም እንጂ። አዲሱ የድሬ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። አባባ ወረደ፣ ዙሪያውን አየ፣ «ይሄ የት ነው?» አለ። ድሬ ነው አልነው። «አይደለም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን ሲያይ ቆየና «ሰፍቷል» አለ። ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን ማታ ፈልጌ አየሁት፦ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 1.435 ነው። የእኔን ስም የሚረሳው ሰውዬ አርባ ምናምን ሳንቲሜትር በዓይኑ ለካ። ያረፍንበት ቤት እስክንደርስ «ድሬ አልደረስንም» እያለ ሲጨቃጨቅ አመሸ። እኛም እንደተለመደው እሺ እሺ ብለን አስተኛነው።

ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ወጣ። የቤቱ ዘበኛ በሩን ከፍቶለታል፤ «ኮት ለብሶ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው መሰለኝ» አለን። መጀመሪያ ጮኽኩበት። አሁን ሳስበው እውነቱን ነው፤ ወደ ሥራ ነበር የሄደው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ላስታውሰው አልችልም። ከበሩ ላይ ያገኘነው ባለባጃጅ የአባባን ፎቶ ከስልኬ ወሰደና ለጓደኞቹ ላከው። ለምን ያህል ሰው እንደተላከ እንጃ፣ ሳቢያን አስፋልት ላይ የማላውቃቸው ልጆች ባጃጃቸውን እያቆሙ «ፋዘር ተገኘ?» ይሉኝ ጀመር። አንዳቸውም ሒሳብ አልተቀበሉኝም። ቀፊራ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ሱቋን ለልጇ ትታ ከእኔ ጋር ተራ በተራ በየመደቡ ዞረች። መጋላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወንድሜን እጁን ይዘው መስጊድ ወሰዱት፤ በማይክ የአባባ መልክና ልብስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተነገረ። አንገቱ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል ያለው ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አንዱ ልጅ «አቦ አታልቅስ፣ ድሬ እኮ ነው ያለኸው» አለው። እስከ ዛሬ ይህን ንግግር ይደጋግመዋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ጠራ። የድሮ ጎረቤታችን ነበረች፤ ያን የጎርፉን ሌሊት ጣራቸው ላይ አውጥተው ካሳደሩን ቤት። ስልኬን ከየት እንዳገኘችው እስካሁን አልነገረችኝም። «ወይ አንቺ ልጅ!» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ። «ያን ጊዜ ደቻቱ ያልወሰደውን ሰውዬ ዛሬ ማን ይወስደዋል ብለሽ ነው? ሸመንደፈር ግቢ ነው ያለው። መጀመሪያ እዚያ አትሄጂም ነበር?»

እውነት ነው፣ መጀመሪያ እዚያ አልሄድንም። ድሬ ራሷ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እዚያ ተወልደን አድገን፣ የባቡር ሠራተኛ አባት ጠፍቶብን፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ስናስስ ዋልን። ወደ ከዚራው አሮጌ ጣቢያ ለመሄድ ያሰበ ከመሃላችን አልነበረም።

ስንደርስ አባባ ከድሮው ግቢ በር ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እግሩ አጠገብ ዱካ ላይ ግማሽ የተጠጣ ሻይና የሳምቡሳ ፍርፋሪ አለ። የግቢው ጥበቃ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያጫውተዋል። ጥበቃው የሠላሳ ዓመት ሰው ቢሆን ነው፣ የአባባን ዘመን አያውቀውም። የነገረን ይህን ነው፦ ማለዳ አንድ ሽማግሌ መጥቶ «ቦንዡር» አለው። እሱም «ቦንዡር» አለ። «አረፈድኩ» አለ አባባ። «አላረፈድክም፣ ባቡሩ ራሱ ዘግይቷል፤ ግባና ተቀመጥ» አለው። አባባም እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

ወንድሜ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ ጠየቀው። ጥበቃው ትከሻውን ነቀነቀ። እንደ አባባ ያሉ ሽማግሌዎች አልፎ አልፎ ይመጣሉ አለ፤ ወንበሩንም ለእነሱ ብሎ ነው ከቤቱ ያመጣው። ስልክ ቢጠይቀው አባባ የሚያስታውሰው ቁጥር የለውም፤ ቤትህ የት ነው ሲለው ግን በጎርፍ የሄደውን ቤታችንን እስከ በሩ ቀለም ድረስ ነገረው። ጥበቃው ሻይ የምታፈላውን ልጅ ታናሽ ወንድም ወደዚያ ላከ። ልጁ ቤቱን አላገኘም፤ ጎረቤታችንን ግን አገኘ።

አራት ዓመት ሙሉ አባባ «ሥራ ልሄድ ነው» ባለ ቁጥር «ጡረታ ወጥተሃል እኮ» እያልኩ አርሜዋለሁ። በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ይከፋል። ለእሱ ደግሞ እንደ አዲስ ነበር። ያ ጥበቃ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ጋር ያደረገውን እኔ ከሐኪሙ ምክር ጋር አላደረግሁትም።

ቁልቢም ደረስን፣ በ19 ዋዜማ ደንገጎን ወጥተን። ጃንጥላው ገባ። ስለ ሕዝቡ ብዛት አልጽፍም፤ የሄደ ያውቀዋል።

እንግዲህ፦ ለባለባጃጆቹ፣ ለቀፊራዋ እናት፣ በዚያን ዕለት ማይኩን ለሰጡን የመስጊዱ ሰዎች፣ ሻይዋን በነጻ ለሰጠችው ልጅና እየሮጠ ለሄደው ወንድሟ፣ ሁለት ጊዜ ላተረፈችን ጎረቤታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስማችሁን የማላነሳው ስላልፈቀዳችሁልኝ ነው። ያረፍንበት ቤት ዘበኛ ሆይ፣ ስለ ጩኸቴ ይቅር በለኝ።

ለጥበቃው ደግሞ ለብቻው። ከተመለስን ወዲህ እሁድ እሁድ ጠዋት ይደውላል። ስልኩን ለአባባ እሰጠዋለሁ። «ገባ?» ይላል አባባ። በወዲያኛው በኩል «አልገባም፣ ዛሬም ዘግይቷል» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አባባ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይሰቅልና ቁርስ ይጠይቀኛል።