ዛሬ ነገ ስል የቀረ መልስ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባህ ሰሞን «እዚህ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን እንደ አሸን ነው፤ የትኛው ጋ ልሂድ?» ብለኸኝ ነበር። ያኔ እኔ ራሴ የምሄድበት አልነበረኝም። ያንን መናገር አሳፈረኝና ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ስትተኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ከዘመርኩባት ቤተ ክርስቲያን ብቅ ያለ ሰው የለም። አንዴ ስልክ ተደወለልኝ፤ ለአዳራሹ ማስፋፊያ ቃል የገባሁትን ብር ለማስታወስ። በዚያው እሑድ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። እንባዬ መጣ። ካሜራማኑ መንፈስ የነካኝ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ፊቴን ስክሪኑን አስሞልቶ ቆየብኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አየኝ። «ምን ሆነህ ነው?» ያለኝ የለም።

ሆስፒታል ማን መጣ መሰለህ? የሠፈራችን የማርያም ማኅበርተኞች። ሾርባ በፔርሙስ ይዘው፣ በተራ እያደሩ። እነዚያን ሴቶች እኮ ስንት ዓመት «አልዳኑም» እያልን ስንጸልይላቸው ኖረናል!

ከዚያ ወዲህ ሶዶ አያትህ ቡና ላይ ያወሩልን ነገር ይመላለስብኝ ጀመር። በ1929 ዓ.ም. ሚስዮኖቹ በጣሊያን ምክንያት ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። ሰባኪዎቻችን ይህን ቁጥር ይወዱታል። እኔ የያዝኩት አያትህ ቶሎ ብለው ያለፉትን ነው። መሪዎቹ ሲታሰሩ ምእመናኑ ስንቅ ያመላልሱላቸው ነበር። አገሬው ያንን አይቶ ነው የተጠጋቸው። ስክሪን የለ፣ ሕንፃ የለ፤ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ በቋንቋቸው ከጥቂት ክፍል በቀር አልነበረም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አስባቸዋለሁ። ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ዑራኤል ካለችው ጸሎት ቤት አስተምረው ሲወጡ ታፈኑ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የዛሬው «ነቢይ» ያለ አጃቢ ከመድረክ አይወርድም። ይቅር በለኝ፣ ምላሴ ረዘመ።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ቤት አሥራ ሁለት ሆነን እንሰበሰባለን። ጻድቃን እንዳንመስልህ። ባለፈው ወር ሁለቱ በዕቁብ ብር ተኳርፈው ነበር። የሐዋርያት ሥራ ላይም እኮ በመበለቶች ቀለብ ማጉረምረም ተነሥቶ ሰባት ሰው ተመርጦለታል። እኛ ሰባት ሰው የት እናመጣለን! መዋጮውን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ደብተሩ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያየዋል።

ስለዚህ ስብከቱንና መዝሙሩን ለጊዜው ተወው። ሁለት እሑድ ቅርና ማን እንደሚደውልልህ እይ። «ብሩ የት ነው የሚገባው?» ብለህም ጠይቅ፤ ፊታቸው ይነግርሃል።

እማዬ ድናለች። «ያ ልጅ አሁንም ቡናውን በጨው ነው የሚጠጣው?» ትለኛለች። ደውልላት። ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ ጮክ በል።

ወንድምህ