ለደንበኞቻችን፦ ክብደት እየቀነሰ ባለ ሰው ልብስ ላይ መቀስ የማናነሳበት ምክንያት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ የጀመርነው አሠራር ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ እናውቃለን። «ገንዘቤን ይዤ መጥቼ እንዴት አናጠብም ትሉኛላችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። «ስለምወስደው መድኃኒት እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላችሁ ልብሳችሁን ይዛችሁ የወጣችሁም አላችሁ። ለተጉላላችሁበት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል፤ ምክንያቱን ቆመን በሁለት ቃል ማስረዳት ስላልሆነልን ነው ይህን ደብዳቤ የጻፍነው።

ውሳኔው ሁለት ነገር ነው። በመድኃኒት ክብደት እየቀነሰ ያለ ደንበኛ የወገቡ ልኬት ለሦስት ወር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይለዋወጥ እስኪቆይ ድረስ ትርፍ ጨርቅ ተቆርጦ የሚጣልበት ሥራ አንሠራም፤ እስከዚያ የምንሠራው ሊፈታ የሚችል ጊዜያዊ ስፌት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ አንዴ ያጠበብነውን ልብስ ድጋሚ በነጻ ማጥበብ አቁመን በየዙሩ ማስከፈል ጀምረናል።

ስለ መድኃኒቱ የጠየቅነው ሰውነታችሁ የሚቀንስበት ሂደት የራሱ ጊዜ ስላለው ነው። ዌጎቪ በሚባለው ስም የሚሸጠው ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ መርፌ፣ በ0.25 ሚሊ ግራም ይጀመራል። በየ4 ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7 እያለ ይጨምርና የተለመደው 2.4 ሚሊ ግራም ላይ የሚደርሰው በ17ኛው ሳምንት ነው። ሌላው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ቲርዜፓታይድ በ2.5 ጀምሮ እስከ 15 ሚሊ ግራም ይወጣል፤ እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 20 ሳምንት ያስፈልገዋል። ሐኪም አዘግይቶ የሚያሳድግላቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በአራተኛው ወር «አሁንስ ጨርሻለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው መንገዱን ገና እየጀመረ ሊሆን ይችላል። በ2021 በታተመው የሴማግሉታይድ ጥናት ተሳታፊዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ ወደ 15 ከመቶ የሚሆነውን ክብደታቸውን ቀንሰዋል። በ2022 በወጣው የቲርዜፓታይድ ጥናት ደግሞ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ72 ሳምንት ወደ 21 ከመቶ ደርሰዋል። 100 ኪሎ የነበረ ሰው 85 ወይም 79 ኪሎ ሲሆን ልብሱ አንዴ ብቻ ጠቦ አይበቃውም፤ ልብሱ ራሱ ሌላ ልብስ መሆን አለበት።

ሱሪን እንውሰድ፤ ጭቅጭቁም የበዛው በሱሪ ነው። የሱሪ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበው ከኋላ መሀል ስፌት ነው። እዚያ 4፣ ቢበዛ 5 ሴንቲ ሜትር ብንይዝ ሱሪው ቅርጹን አይለቅም። ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ተቀራርበው ሊነካኩ ይደርሳሉ፣ የጎን ስፌቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የጎን ኪሱም አፉን ይከፍታል። ያኔ የቀረው መንገድ የወገቡን ጥብጣብ ሙሉ በሙሉ ነቅሎ፣ ሁለቱን ጎኖች አጥብቦ፣ ኪሶቹን አንስቶ እንደገና መስፋት ነው። ሥራው አዲስ ሱሪ ከመስፋት አይተናነስም።

ከወገብ በታች ያለው ደግሞ ይብሳል። ክብደት ሲቀንስ አብሮ የሚሄድ ጡንቻ አለ፤ መቀመጫና ጭን ይሟሽሻሉ። ወገቡ ልክክ ያለ ሱሪ ከኋላ ተንጠልጥሎ፣ እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ወርዶ ይታያል። ወገቡን የቱንም ያህል ብናጠብ ይህ አይስተካከልም። ጥብጣቡ ተነስቶ ሱሪው ከላይ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፣ የኋላው ስፌት ቅርጹ ይለወጣል፣ ዚፑም ያጥራል። ይህን ዛሬ ሠርተን ከሁለት ወር በኋላ ዳሌው ሌላ 6 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ፣ ሁለተኛ ጊዜ ዝቅ የሚደረግበት ጨርቅ አይኖርም። ብዙዎቻችሁ «በፊት ትሠሩት አልነበረም ወይ?» ትሉናላችሁ። እንሠራው ነበር፤ ልኬቱ ለረጋለት ሰው አሁንም እንሠራዋለን።

ጃኬት በጎንና በጀርባ መሀል ይጠባል። ትከሻው ግን በአንድ ወገን ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሰፋ እጅጌው ተነቅሎ፣ የትከሻው ድጋፍ ወጥቶ፣ የብብቱ ቅርጽ እንደገና ተቆርጦ ነው የሚመለሰው። ከፊት ያለው የቁልፍ ቀዳዳ ደግሞ አንዴ ተቆርጧልና ከቦታው አይነቃነቅም። ከሁለት ቁጥር በላይ የሰፋ ጃኬት ይዛችሁ ስትመጡ «ይህ ይቅርብዎ» የምንለው ገንዘባችሁ አሳዝኖን ነው። ሸሚዝ ጎኑና እጅጌው ቀላል ነው፤ ኮሌታው ግን አይጠብም፤ አንገት ከቀነሰ ሸሚዙን መለወጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ትርፉ ጨርቅ እንምጣ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልብስ በስፌቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ብቻ ነው ያለው። ስናጠብ ውስጥ የሚከማቸውን ጨርቅ ከቆረጥነው ልብሱ ዳግም አይሰፋም። መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ክብደታቸው እንደሚመለስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በሴማግሉታይድ ጥናቱ ተከታትለዋቸው ከነበሩት መካከል፣ ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ በአማካይ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በብዙ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ይከብደዋል፣ ከገበያ ይጠፋል፣ ሆዱ አልቀበል ይላል፣ ወይም እርግዝና ታስቦ ሐኪም አቁሚ ይላል። የማንም ድካም የለበትም። ያን ጊዜ ግን ልብሱን የሚያሰፋው እኛ ያልቆረጥነው ትርፍ ነው። ይህንንም ያህል ዋስትና የማይሰጡ ጨርቆች አሉ። ሐር፣ ሳቲን፣ ቬልቬትና ቆዳ መርፌ የገባበት ቀዳዳ ስለማይጠፋባቸው በጊዜያዊ ስፌትም አንነካቸውም። ብዙ የታጠበ ጂንስም ሲሰፋ ተደብቆ የኖረው መስመር ጠቆር ብሎ ይወጣል።

ጊዜያዊ ስፌቱን «የለብለብ ሥራ» ያላችሁት ቃል አሳዝኖናል፤ ከመደበኛው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነውና። በመኪና ረጅም ስፌት፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር እርምጃ ተደርጎ ይሰፋል። ትርፉ አይቆረጥም፤ በካውያ ወደ አንድ ጎን ይተኛና በእጅ ይያዛል። ለመፍታት ጨርቁ ሳይጎዳ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ለጂንስ ይህ አይሆንም፤ ጨርቁ ሲደራረብ እንደ ገመድ ይጠነክርና ወገብ ይወጋል። ለእሱ በጥብጣቡ ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል፣ በየተወሰነ ርቀት ቀዳዳ ያለው ላስቲክ እናስገባለን፤ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ቁልፍ ይተከላል። በልጆች ሱሪ ላይ የምታዩት ዓይነት ነው። ወገባችሁ ሲቀንስ ቤታችሁ ሆናችሁ በአንድ ቀዳዳ ትስቡታላችሁ። እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሳይጨማደድ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሳብ ጀርባው ስለሚሸበሸብ ሱሪው በቃው ማለት ነው።

እስከዚያው ምን እንልበስ ለምትሉን፣ ብዙ አትግዙ። ወገቡ በገመድ የሚሳብ ሱሪ፣ ተጠቅልሎ በጎን የሚታሰር ቀሚስ፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ሁለት ሦስት ቁጥር ያሻግራችኋል። ለሥራ ቦታ አንድ ልክ የሆነ ሱሪና አንድ ጃኬት ይበቃል። ቀበቶ ቀዳዳው ሲያልቅ ጫፉ ላይ አትብሱት፤ ዘለበቱ ተነቅሎ ከዚያ በኩል ይቆረጣል። አዲስ ጡት መያዣ ስትገዙ በመጨረሻው፣ በሰፊው መንጠቆ ሲታሰር ልክ የሚሆናችሁን ምረጡ፤ ስትቀንሱ ወደ ውስጠኞቹ መንጠቆዎች ትገባላችሁ። ጀርባው ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር ደረትን የሚዞረው ክፍል ሰፍቷችኋል፤ ማንገቻውን ማሳጠር መፍትሔ አይሆንም።

«ጠበቅ አድርጉልኝ» የምትሉንንም እንድታስቡበት እንለምናለን። የመድኃኒቱ መጠን በጨመረባቸው ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋትና ድርቀት የተለመዱ ናቸው፤ ሆድን የሚጫን ወገብ ያን ያባብሳል። ጠዋትና ማታ የሚለካ ሆድ የ2 እና የ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። የሰውነት ስብ ሲሳሳ ብርድ ስለሚበረታ፣ ከጃኬቱ ሥር ስስ ሹራብ የሚገባበት ቦታ መተው አለበት። የላላ ቆዳ ካለ ደግሞ ክንድ፣ የሆድ ታችና የውስጥ ጭን ይፋተጋል፤ ስለዚህ ብብቱን በጣም አናስጠጋም፣ የውስጥ ስፌቱንም ጠፍጣፋ እናደርገዋለን። እንዲህ ላለ ሰው ወገቡን ቆሞም ተቀምጦም እንለካለን፤ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ሱሪው የሚሰፋውም ለሁለቱም እንዲመች ነው። መርፌው ሆድ፣ ጭን ወይም የላይኛው ክንድ ላይ ስለሚወጋም በዚያ ቀን ሰፋ ያለ ልብስ ምረጡ።

ስለ ክፍያው በግልጽ እንናገር። ነጻ ድጋሚ ማጥበብ የጀመርነው አንድ ልብስ ምናልባት አንዴ ተመልሶ በሚመጣበት ጊዜ ነው። አሁን ያው ሱሪ በዓመት ሦስቴ አራቴ ይመለሳል። የክር፣ የዚፕ፣ የገበርና የቤት ኪራይ ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም። ስፌት መፍታት ከመስፋት የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ገበር ያለው ጃኬት ከገበሩ ተከፍቶ፣ ተሠርቶ፣ በእጅ ነው የሚዘጋው። እዚህ የተቀመጡት ሰፊዎች የሠርጋችሁን ልብስና የልጆቻችሁን የምረቃ ሱፍ የሰፉ ናቸው። ደሞዛቸውን ቀንሰን ነጻ ሥራ መስጠት አልቻልንም፤ ጊዜያዊ ስፌቱን ግን ከሙሉ ማጥበብ ባነሰ ሒሳብ ነው የያዝነው።

ወደ ሌላ ስፌት ቤት የሄዳችሁ አላችሁ። መብታችሁ ነው፣ ቅር ቢለንም። አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ትርፉን እንዳይቆርጡባችሁ ንገሯቸው፤ ስትመለሱ የምንሠራበት ነገር እንዲኖረን።

የመድኃኒታችሁን ስም መናገር አይጠበቅባችሁም። የምንጠይቀው ክብደታችሁ ገና እየቀነሰ መሆኑንና የመድኃኒቱ መጠን በቅርቡ መጨመሩን ብቻ ነው። በደብተራችን የሚሰፍረው ልኬትና ቀን ነው። ለልኬት ጠዋት ኑ፤ ከልብሱ ጋር የምትለብሱትን የውስጥ ልብስና ጫማ አድርጉ፤ በየወሩ በተመሳሳይ ሰዓት ብትለኩ ይመረጣል።

ቀኑ የተቆረጠ ድግስ ያላችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩን። ልብሱን በጎንና በጀርባ 4 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተን እንሰፋዋለን፤ ለቀሚስ በዚፕ ፈንታ ከጀርባ በገመድ የሚሳብ ማሰሪያ እንመክራለን። የመጨረሻው ልኬት ከድግሱ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ያንን ቀጠሮ አታሳልፉት።

አክባሪዎቻችሁ፣
የስፌት ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች