ለወንድምዓለም፣ ስለ ጀልባዋ

ሲያትል፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምዓለም፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬስ፣ እታለምስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክህልኝን የጀልባዋን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጉልቼ አየኋቸው። ለገና ተሳላሚዎች እንድትደርስ ቶሎ ቀለም ልቀባት ብለሃል። እባክህ አትቸኩል። ሆዷ ላይ እንደ ሽምብራ ያበጡት ነገሮች ቀፎው ውሃ መጠጣቱን ነው የሚናገሩት። ውሃ በጠጣ ፋይበር (በሙጫ በተያያዘ የመስታወት ክር) ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ይላጣል፤ ገንዘብህም ድካምህም ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

ብዙ ሰው ፋይበርን የሚጎዳው የባሕር ጨው ይመስለዋል። በዚህ በኩል ግን የጣና ዓይነት ጨው የሌለው ውሃ ይብሳል። ውሃው ላይኛውን የሚያብረቀርቅ ንጣፍ፣ ጄልኮቱን፣ ቀስ እያለ ያልፍና በሬዚኑ፣ ክሮቹን በሚያያይዘው ሙጫ፣ ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ የቀረውን ነገር ያሟሟል። የተጠራቀመው ፈሳሽ ከውጭው ውሃ ስለሚወፍር ተጨማሪ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ የውጭው ውሃ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። አንዱን እብጠት በስፓቱላ ጫፍ ብትከፍተው አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። መነጽር ሳታደርግ ግን እንዳትነካው፤ ፈሳሹ ታምቆ ስለሚቆይ ይፈናጠራል፣ አሲድም ነው።

መጀመሪያ መላ አካሏን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልህ አንኳኳ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ እዚያ ላይ የፋይበሩ ድርቦች ተለያይተዋል ማለት ነው፤ በጠመኔ ክበበው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው። በሁለት የፋይበር ንጣፎች መካከል ኮምፔርሳቶ አለ፤ በቡሎኖቹ ቀዳዳ የገባ ውሃ ያበሰብሰዋል። ከውስጥ በኩል በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ የውጭውን ንጣፍ ሳትበሳ፣ ከቡሎኖቹ ሥርና ከታች ካለው የውሃ ማፍሰሻ አጠገብ ብሳው። የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ፈዘዝ ያለ ከሆነ ተመስገን በል። ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ ግን የውስጡን ንጣፍ ቆርጠህ እንጨቱን ማውጣት ግድ ነው። የምትተካው ኮምፔርሳቶ ሙጫው ውሃ የሚችል መሆን አለበት፤ ከመግዛትህ በፊት ቁራጭ ለምነህ ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት አፍላው፣ ከተላቀቀ ተወው። አዲሱን የቡሎን ቀዳዳ ስታበጅም 10 ሚሊ ሜትር ለሚያስፈልገው በ16 ብሳው፣ በወፈረ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) ድፈነው፣ ሲደርቅ መሃሉን በ10 ብሳ። ያን ጊዜ ውሃ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲን እንጂ እንጨቱን አይደለም።

ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትህ በፊት እጠባት። አሮጌ ሰም፣ የሞተር ዘይትና ሲሊከን ሳይጸዳ ከታሸ ወደ ፋይበሩ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምትቀባው ቀለም ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል። በሳሙናና በውሃ ከታጠበች በኋላ በሁለት ጨርቅ ሥራ፦ አንዱ በአሴቶን የራሰ፣ ሌላው ደረቅ፣ አሴቶኑ ሳይተን ወዲያው የሚጠርግ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይር። በመጨረሻ ውሃ ድፋባት። ውሃው እኩል ተዘርግቶ ከወረደ ጸድታለች፤ ጠብታ ጠብታ ከሠራ ድገም። ሲሊከን ያየህበት ቦታ ሁሉ በስለት ተፍቆ ይውጣ፣ ተመልሶም አይግባ፤ በምትኩ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ይሁን።

እብጠቶቹን አንድም ሳታስቀር ጤነኛ ፋይበር እስክታገኝ ክፈትና በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ። የአሲዱ ርዝራዥ ከቀረ እርጥበት ይይዛል። ከዚያ ማድረቅ ነው። ከላይ ሸራ፣ ከሥርና ከጎን ነፋስ፤ በላስቲክ ጠቅልለህ እንዳታፍናት። መድረቋን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀህ ፀሐይ ያለበት ቀን ሙሉ ተወው። ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ገና ናት። በየሁለት ሳምንቱ ቦታ እየቀያየርህ ሞክር። የባሕር ዳር በጋ ለዚህ የተመቸ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ሁለት ወር ገደማ እንደሚወስድ ገምት። ስለዚህ ገናም ጥምቀትም ያልፋሉ። የእነዚያ ቀናት ገቢ ለቤቱ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይለፉ።

እስከዚያ ድረስ ከውሃ መስመር በላይ ያለውን ስንጥቅ መሥራት ትችላለህ። የተጎዳው ቦታ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያውን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እያሳሳህ ሞርደው፤ ውፍረቱን በ12 አባዛ ማለት ነው። 450 ግራም የሚባለው ማት፣ ያልተሸመነው የመስታወት ክር ምንጣፍ፣ አንዱ ድርብ ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በካሬ ሜትርም 1 ኪሎ ያህል ሬዚን ይጠጣል። ሰፊውን ድርብ አስቀድም፣ ጠባቡን አስከትል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ድርብ አትለፍ፤ ሙቀቱ ያቃጥለዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ካታሊስቱን፣ ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ፣ በሚዛን እንጂ በዓይን አትለካ። ለ1 ኪሎ ሬዚን 20 ግራም የተለመደ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ እስከ 12 ግራም ቢወርድ ይሆናል፣ ከ10 በታች ግን ለዘላለም ሳይጠነክር ይቀራል። ከ300 ግራም በላይ አታቡካ፣ ዕቃውም ዝርግ ይሁን።

ከውሃ በታች ላለው ሥራ ኢፖክሲ ምረጥ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ። ተራው ማት ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን፣ ከላይ በካታሊስት ይጠነክራል ባልሁህ፣ ነው፤ ለኢፖክሲ የተሸመነው ጨርቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ኢፖክሲ በፖሊስተር ላይ በደንብ ይይዛል፣ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ ግን አይታመንም፤ ስለዚህ ኢፖክሲ ከነካኸው ቦታ ወደ ኋላ አትመለስ። የመኪና ስቱኮም ርካሽ ነው ብለህ ሆዷ ላይ እንዳታደርግ፤ ውሃ ይጠጣል። የደረቀ ኢፖክሲ ፊቱ ላይ እንደ ሰም የሚያሟልጭ ነገር ያወጣል፣ ከማሸትህ በፊት በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠበው።

ለቀለም የሚታሸው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ120፣ ከፕራይመር (ከቀለም ሥር ከሚቀባው) በኋላ በ220 ከዚያም በ320 ነው። የጀልባችን ርዝመት 7፣ ወርዷ 2 ሜትር ነው፤ ከውሃ በላይ ያለው ጎኗ 14 ካሬ ሜትር ያህል፣ ሆዷም እንዲሁ 14 ገደማ ይሆናል። ለሆዷ መከላከያ ኢፖክሲ አምስት ጊዜ፣ 9 ሊትር አካባቢ። ለጎኗ ፕራይመር ሁለት ጊዜ 3 ሊትር፣ ፖሊዩሬቴን ቀለም ሦስት ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሊትር። ኢፖክሲ ፀሐይ ሲመታው ዱቄት ይሆናል፤ ከውሃ በላይ ያለው በቀለም ሳይሸፈን አይቅር። በአንዱና በሚቀጥለው ቅብ መካከል ጣትህን አሳርፍ፦ አሻራህ ወጥቶ ቀለሙ እጅህ ላይ ካልመጣ ቀጣዩን ቀባ። አድሮ ከጠነከረ ግን ሳታሽ አትቀባ፣ ይላጣል።

ጥላ ሥር፣ ጤዛው ከተነሣ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቀባ። አመሻሽ ላይ ትንኙ ይጣበቅብሃል። አንተ በስፖንጅ ሮለር ስስ አድርገህ አስኪድ፣ ሌላ ሰው ወዲያው በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ እየዳሰሰ ይከተልህ። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ በዚያ ከፍታ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ፀሐይ ሲመታው ፋይበሩን ያግለዋል፣ የጨርቁም ሽመና ገጹ ላይ ይወጣል።

በስፕሬይ እንዳትረጨው። ሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ሲረጭ አየር ላይ የሚቀረው ጭጋግ አስም ያስይዛል፣ የጨርቅ ጭንብልም አያቆመውም። ስታሽም ውሃ እያርከፈከፍህ ይሁን፣ የመስታወት ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው። ካታሊስት ዓይን ከነካ ዓይን ያጠፋል፤ ወዲያው ሩብ ሰዓት ያህል በውሃ አጥበህ ሐኪም ቤት። ካታሊስቱንና አፋጣኙን፣ የሬዚኑን መድረቅ የሚያፈጥነውን ፈሳሽ፣ ብቻቸውን በፍጹም አትቀላቅል፣ ይፈነዳሉ። አሴቶንና ሬዚን ባለበት ግቢ እማዬ ቡና አታፍላ፤ ከሰሉ ወደ ጎረቤት ይዛወር፣ ልጆቹም አይጠጉ።

ለሆዷ መዳብ ያለበት ፀረ አልጌ ቀለም የሚመክርህ ሰው ቢኖር እንቢ በል። ጀልባ ሆድ ላይ እንደ ድንጋይ የሚጣበቀው የባሕር ፍጥረት ጣና ላይ የለም፤ አረንጓዴው በብሩሽ ይወጣል። መዳቡ ግን ለዓሣው መርዝ ነው፣ ውሃውንም ሰው ይጠጣዋል። የምታሸውም ብናኝ ከሥር ላስቲክ ተነጥፎ ይሰብሰብ እንጂ ወደ ሐይቁ አይታጠብ።

ሬዚንና ካታሊስት በሻንጣ አይላክም፣ በአውሮፕላን የተከለከለ ነው፤ አዲስ አበባ የፋይበር ታንከር ከሚሠሩት ጠይቀህ ግዛ፣ የተመረተበትንም ቀን እይ። እኔ የተሸመነውን ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሾቹን፣ ማጣሪያ ያለውን ጭንብልና ትንሿን ሚዛን በሰው እልካለሁ። አንተ ግን ምንም ከመግዛትህ በፊት የኋላውን ግድግዳ ብሳና የወጣውን ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ ፎቶውን ላክልኝ። ስንት ኪሎ ኢፖክሲ እንደምትገዛ የሚወስነው እሱ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ታናሽህ