ለአባዬ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ሞራው ሁለተኛውን ዓይንህንም እንደጀመረው ግን የሰማሁት ከሰው ነው። ለምን አልነገርከኝም? የስኳር መድኃኒትህንስ በሰዓቱ ትወስዳለህ? ይህን ደብዳቤ እህቴ ብቻ ታንብብልህ፤ ለጎረቤት እንዳትሰጥ።

ትንሿ 13 ዓመት ሞላት። ሰሞኑን የአና ፍራንክን ማስታወሻ ይዛ ቁጭ ብላለች። እኔ አልሰጠኋትም፣ ከትምህርት ቤት ነው ያመጣችው። ሽፋኑን ሳየው ሆዴን ባር ባር አለኝ።

እኔም ያነበብኩት በ13 ዓመቴ ነው፣ በ1978። መምህሬ አውሰውኝ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ። አና ደብተሩን ያገኘችው በአውሮፓውያኑ 1942፣ ልክ 13 ዓመት በሞላት ቀን ነው። ቤተሰቧ አይሁድ ስለነበሩ፣ ወር ሳይሞላ ከናዚዎች ሸሽተው አምስተርዳም ውስጥ ከአባቷ መሥሪያ ቤት ጀርባ ተደበቁ። በሩን በመጽሐፍ መደርደሪያ ሸፍነው፣ ስምንት ሆነው፣ ሁለት ዓመት ድምፃቸውን አጥፍተው ኖሩ።

ያን ሳነብ ነሐሴ 1969 መጣብኝ። የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ደርሶ፣ አንተ ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቁመህ፣ እኛን አልጋ ስር አስገብተህ። አራት ዓመቴ ነበር። እንዳላለቅስ አፌን ይዘኸኛል። መዳፍህ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። የባቡሩ ግራሶ።

ከዚያ እኔም ደብተር ገዛሁ። አና የእሷን ኪቲ እንዳለችው፣ እኔም ስም አወጣሁለት። ስለዚያ አልጋ ጻፍኩ። ቤታችን ውስጥ ስሙ ስለማይነሳው ወንድምህም ጻፍኩ።

አንተ አገኘኸው። ሽርጥህን እንዳገለደምክ ከሰል ምድጃው ጋ ተቀምጠህ፣ አንድ አንድ ገጽ እየቀደድክ አቃጠልከው። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኋላ ነገረችኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድምህን ያስወሰደው አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው አለችኝ። ለእኔ ፈርተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል አባዬ። ጠርተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

እነአና በመጨረሻ ተያዙ። ከስምንቱ በሕይወት የተመለሰው የአና አባት ብቻ ነው። እሷ በ15 ዓመቷ በርገን ቤልሰን በሚባለው የናዚዎች ካምፕ ውስጥ ሞተች። ደብተሩን ያቆየችለት ሲረዷቸው ከነበሩት ሰዎች አንዷ ናት። አባትየው ሲያነበው ልጁን በደንብ እንዳላወቃት ገባው። እሱ ሊጠይቃት አልቻለም። እኔ ግን አለሁ። አንብበህ ስታበቃ አንድም ቀን አልጠየቅከኝም።

ትንሿም ደብተር ጀምራለች። ትራሷ ስር ነው የምታስቀምጠው። አንሶላ ስቀይር ትራሱን አነሳለሁ፣ ደብተሩን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። እጄ ግን ይከጅላል፣ ምን ጽፋ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ያኔ አንተን ትንሽ እረዳሃለሁ። "አያቴ ጦርነት አይቷል?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ለዓይንህ እዚህ አዲስ አበባ ቀጠሮ አስይዣለሁ። እባክህ እምቢ አትበለኝ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ዓይንህ ተሸፍኖ በምትተኛበት ማታ አጠገብህ እቀመጣለሁ። አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያች ነሐሴ ጀምር። ከቻልክ ስለ ወንድምህም ንገረኝ።

ሹራብህን ያዝ። እንደ ድሬ መስሎህ ባዶ እጅህን እንዳትመጣ፣ እዚህ ማታ ማታ ይበርዳል።

የምትናፍቅህ ልጅህ