የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ከወረቀት ጋር የታገልንበት ዓመት

የ2017 የትምህርት ዘመን ሲጀመር ክበባችን 17 አባላት፣ አንድ ያገለገለ ስክሮል ሶው እና አምስት የእጅ መጋዞች ነበሩት። ስክሮል ሶው ለማታውቁት፣ ክር የምታህል ቀጭን ምላጭ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰች እንጨት የምትቆርጥበት ማሽን ነው። ምላጯ ቀጭን ስለሆነች እንደ ልብ ትዞራለች። ሐረግ በሏት መስቀል፣ ፊደል በሏት ወፍ፣ ትቆርጣለች። የእጁ መጋዝም ሥራው ያው ነው፤ ሞተሩ ክንዳችን ነው እንጂ። መብራት በሄደ ቁጥር ወደ እሱ ስለምንዞር ልጆቹ "ጄኔሬተሩ" የሚል ስም አውጥተውለታል።

መስከረም ላይ ዕቅድ ስጽፍ ሰፊውን ጊዜ የሰጠሁት ለመቁረጥ ትምህርት ነበር። ተሳስቻለሁ። መቁረጡን በሦስት ሳምንት ለመዱት። ዓመታችንን የበላው ወረቀት ነው።

ንድፉ ወረቀት ላይ ይሣላል፣ ወይም ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ወረቀቱ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ መስመሩን እየተከተሉ መቁረጥ ነው። ቆርጠን እስክንጨርስ ወረቀቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስንጨርስ ደግሞ ያለ ጠብ መልቀቅ አለበት። አንድ ማጣበቂያ ሁለቱንም እንዲያደርግ መጠየቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው።

የጀመርነው በነጭ ኮላ ነው። ለምን ቢባል እጃችን ላይ የነበረው እሱ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ትልቅ መስቀል ለሁለት ተካፍለው ሠሩ። አንዱ ወረቀቱን በኮላ ለጠፈ፣ ሌላኛው በካርቦን ወረቀት ገለበጠ። ሲገጥሙት አልገናኝ አለ። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተወቃቀሱ፣ ቀጥለው ወደ እኔ መጡ። በማስመሪያ ስንለካው በኮላ የተለጠፈው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ አድጓል። ኮላ ውስጥ ውኃ አለ፤ ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። የሚያብጠውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በአንድ ጎኑ ይበልጣል። ስለዚህ ክቡ ሞላላ ይሆናል።

ኅዳር ሲገባ ደግሞ ብርዱ መጣ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርን ውርጭ ለእናንተ አልነግርም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የለጠፍናቸው ወረቀቶች ከሰዓት ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተነሱ። ከሥራቸው ያለው ኮላ ጠመኔ መስሏል። ኮላ ማለት ውኃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውኃው ሲተን ተዋህደው አንድ ሽፋን ይሆናሉ። በጣም ከበረዳቸው ግን አይዋሃዱም፣ ዱቄት ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ አንዷ አባላችን ጠርሙሱን ጋቢዋ ውስጥ አቅፋ መምጣት ጀመረች። በእውነት ሠራ! እንጨቱም ግን መሞቅ ስላለበት ቀድመን ፀሐይ ላይ እናወጣው ነበር።

ኮላው በደንብ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ማን ያላቅቀው? በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቅ ሁለት ቀን። በእርጥብ ጨርቅ ስናርስ ኮምፔርሳቶው ላዩ ተነፋ። የአንድ አባላችን አባት አናጢ ናቸው። ሊጎበኙን መጥተው ይህን ፍግፊያ ሲያዩ "መምህር፣ እንዲያው ልጆቹ የሚሠሩት እንጨት ነው ወረቀት?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዱቄት ሙጫም ሞክረናል። ርካሽ ነው፣ በውኃ ቶሎ ይለቃል። ለገና ዕረፍት ስንበተን ስድስት የተለጠፉ ንድፎች መጋዘን አስቀመጥን። ስንመለስ አይጥ ሐረጉን ከነሙጫው በልታዋለች። ስለ ዱቄት ሙጫ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ካርቦን ወረቀት ሙጫ የማይፈልግ በመሆኑ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እጅ ትንሽ ከሸሸ መስመሩ ሁለት ይሆናል። በጥቁር እንጨት ላይም አይታይም። በልብስ ካውያም ገልብጠናል። የፎቶ ኮፒ ቀለም ፕላስቲክ ያለበት ዱቄት ስለሆነ ሲሞቅ ቀልጦ እንጨቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ በፊቱ ስለሚደፋ ግን ምስሉ ይገለበጣል። ለመስቀል ግድ የለም። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን "ደብረ ብርሃን" የሚለውን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቆርጦ ሲያበቃ ለካ የተገለበጠ ነው። አልጣልነውም። ከመስታወት ፊት ለፊት ሰቅለነዋል።

ፊደል ካነሳሁ አይቀር፣ "መ" እና "ወ" አስቸግረውናል። ዓይናቸው ዝግ ነው። ፊደሉን ከሳንቃው ላይ ቀዳዳ አድርጋችሁ ስታወጡት ዓይኑም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ንድፉ ላይ ከወዲሁ ቀጭን ድልድይ መተው ግድ ነው። ድልድዩ ደግሞ ከእንጨቱ ጭረት (ከተፈጥሮ መስመሩ) ጋር አብሮ ካልሄደ ቶሎ ይሰበራል። ይህንን የተማርነው በአራት "መ" ኪሳራ ነው።

አዲስ አበባ የሄደ ባልደረባዬ የሚረጭ ሙጫ ገዝቶ ሰጠን። ውድ ነው። ከቤት ውጭ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ እንጂ እንጨቱ ላይ ሳይሆን ስስ አድርጎ መርጨት፣ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ መለጠፍ ነው። በእኛ ከተማ ነፋስ ግማሹ ኮቴ ላይ አርፏል። ሲላቀቅ ግን ደስ ይላል፤ ወረቀቱን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ሲያርሱት ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይነሳል። አኳራጅ በእሳት አጠገብ አይነካም፣ መስኮትም ተከፍቶ ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። "ቲቸር፣ ጋራዥ መኪና ሲቀቡ መስታወቱ ዙሪያ የሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር አለ አይደል? መጀመሪያ እሱን እንጨቱ ላይ ብንለጥፍስ?" አለች። ለጠፍነው። በላዩ ንድፉን በተራ የደብተር ሙጫ አጣበቅነው። ቆረጥን። ሲያልቅ ፕላስተሩን ከጥግ ይዛ ሳበችው፤ ወረቀቱም ሙጫውም አብረው ወጡ። እንጨቱ ንጹሕ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሙጫ ስንመርጥ ከርመን መልሱ ሙጫው እንጨቱን እንዳይነካ ማድረግ ሆኖ ተገኘ። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አናጢው አባት በኋላ ቁርጥራጭ ወይራ ሰጡን። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ምላጩ እየጋለ ጠርዙን ያሳርረዋል። ከንድፉ በላይ የካርቶን ማሸጊያውን ሰፊ ፕላስተር ስንጨምርበት ማሳረሩ በጣም ቀነሰ። የፕላስተሩ ጀርባ የሚያንሸራትት ነገር ስለተቀባ ምላጩን ያለሰልሰዋል ይባላል።

የቀረውን ባጭሩ። ለውስጥ ቀዳዳዎች መጀመሪያ በድሪል በስተን ምላጩን እናሾልካለን፤ ውስጡ ሳያልቅ የውጩ ጠርዝ አይነካም፣ መያዣ እናጣለና። በዓመቱ የሰበርነውን ምላጭ አልቆጠርነውም። ለወላጆች በዓል 23 ሥራዎች አቅርበን 9 ተሸጡ። ገንዘቡ ለምላጭና ለፕላስተር ውሏል።

ሦስት ሥራዎች ግን ፕላስተራቸው ሳይላጥ መጋዘን ውስጥ ቀርተዋል። ሚያዝያ ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ መስኮት ሥር ስለነበሩ ፀሐይ አግኝቷቸዋል። የወረቀት ፕላስተር እንዲህ ሲቆይ ሙጫው ይከርርና በሳቡት ቁጥር ይቀደዳል። ባለፈው አንድ አባላችን ከእህቱ ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሶ አምጥቶ ነበር፤ ሲሞቅ ለስለስ ይላል። እህቱ ግን ዳግመኛ አላበድርም ብላለች። መስከረም ላይ ማድረቂያ ሊያውሰን የሚችል ወላጅ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ ውስጥ ነን።