ደብዳቤ ለልጄ፦ እንጅባራ ለምትማሪው

ለምወድሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እንጅባራ ሲባል ሁሉም የሚያስፈራራሽ በብርዱ ነው። ብርዱስ ልክ አለው። የእኛዋ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ እንጅባራ ከ2,500 ትበልጣለች፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ልዩነቱ አራት አምስት ዲግሪ ነው። ሹራብ፣ ካልሲና ማታ ማታ ጋቢ ይበቁታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ተጠንቀቂ፤ ደመና ከሌለ ምድሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል፣ ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ታያለሽ።

ፍሬሽ ተማሪን የሚጎዳው ዝናቡ ነው። አገሩ ዝናብ ይበዛበታል፣ ክረምቱም ቶሎ አይወጣም። ከምሳ በኋላ ሲወርድ ሁሉም ባለበት ይቀራል። አንቺን ዶርም፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ካገኘሽ እዚያው ይመሽብሻል፤ ጥቂት ሳምንት እንዲህ ከሄደ ሌሎቹ ተግባብተው አንቺ እንግዳ ትሆኛለሽ። ከዚያ በኋላ «ዝምተኛ ናት» ይሉሻል፣ አንቺም ታምኛቸዋለሽ።

ስለዚህ ዝናቡ የት እንደሚያገኝሽ አንቺ ምረጪ። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ያለው ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ ብራ ነው፤ ክፍል ከሌለሽ ልብስ ማጠብና ከተማ መውጣት ያኔ ይለቅ። ከሰዓቱን ላይብረሪ ወይም የጥናት ቡድን ዘንድ ጠብቂው። ቡድኑ አራት ሰው ይበቃዋል፤ ስድስት ሰባት ሲሆን ጥናቱ ወሬ ይሆናል። ግቢ ጉባኤም ብትሄጂ መልካም ነው፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ልጆች ጋር የሚያገናኝሽ እሱ ነው።

ዣንጥላውን ንፋስ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል፣ ቦርሳሽን ከላይ የሚሸፍን ሰፊ ይሁን። ደብተርሽን ደግሞ በፌስታል ጠቅልይ። ጂንስ በክረምት ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ስስ ሱሪ ያዢ። ያጠብሽውን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ጨምቂው፣ ከዚያ አስጪው፤ ርጥበት እያለው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ይሻግታል፣ ሽታው ደግሞ ወደ ሌላው ይጋባል። የራሰ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቂ፣ ጋዜጣው ሲርስ ለውጪው። እሳት ዳር አታኑሪው፣ ማስቲሹ ይለቅና አፉን ይከፍታል። በሶውን ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊ፣ በርጥብ ማንኪያ አትንኪው።

ዶርም ውስጥ መጀመሪያ የሚያጣላችሁ መስኮት ነው። አንዷ በረደኝ ትላለች፣ አንዷ ታፈንኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዘግታችሁ ስታድሩ ትንፋሻችሁ ግድግዳው ላይ ውኃ ይሆናል፣ ፍራሹም ይሻግታል። ማታ መዝጋት፣ ጠዋት ወደ ክፍል ስትወጡ መክፈት ብላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ተስማሙ፤ ከተኳረፉ በኋላ መስማማት ይከብዳል።

ስለ ቡና መዋጮም እንደዚያው። በወር ስንት እንደምታዋጪ ከወዲሁ ተናገሪ። በየቀኑ «እናዋጣ» ሲመጣ እምቢ ማለት ስስት ይመስላል፣ እሺ ማለት ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ነን ካፌ ከሆንሽ፣ ማለትም በግቢው ካፌ መብላት ትተሽ ገንዘቡን የምትቀበይ ከሆነ፣ የምግብ ገንዘብሽን ለማንም አታበድሪ፣ ለቅርብ ጓደኛሽም ቢሆን።

ይህን ግን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ያዢልኝ፦ እንጅባራ ባለችበት በአዊ ዞን ከሰል እንደ ልብ ነው፣ በየቦታው ለከሰል ተብሎ ዛፍ ይተከላል። ከግቢ ውጭ የተከራዩ ልጆች ጋ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ ቤት ሲገባ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሲያልቅ ወዲያው ይውጣ። ለሙቀት ብሎ ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ጢሱ ስላለቀ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) አለቀ ማለት አይደለም፤ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ የጉልበት መክዳት ከመጣ ተያይዛችሁ ውጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ።

«አረቄ ብርድ ይሰብራል» የሚሉሽም ይኖራሉ። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው ይሞቃል፣ የሰውነትን ሙቀት ግን ያስወጣል፤ ጠጥቶ በብርድ መሄድ ይብሳል።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው፣ ወሩም ደረቅ ነው። ከአካባቢው ልጆች ጋር ሂጂ፣ የፈረሱን ታሪክ እነሱ ይነግሩሻል፤ በቋንቋቸው በአውኚ ሰላምታም ቀድመሽ ተማሪ። ፈረስ በሚጋልብበት መስመር ዳር ግን አትቁሚ። ዘንገና ሐይቅም ቅርብ ነው፤ በጠዋት፣ በቡድን ሆናችሁ ሂዱ። ዋና አይሞከርም፣ ጥልቅ ነው።

የላስቲክ ቦቲ ልገዛልሽ ነውና የጫማ ቁጥርሽን እስከ ቅዳሜ ጻፊልኝ። ወፍራም ካልሲ ደርበሽ ለክተሽ ይሁን።

አባትሽ