የሶዲየም ባትሪ ልብ ሴራሚኩ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኃይል ማከማቻ ባወጣችሁት ጽሑፍ የሶዲየም ባትሪ «የሊቲየም ርካሽ ምትክ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፎርድ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኩመርና ዌበር፣ ቤታ አሉሚና የተባለው ሴራሚክ ጠጣር ሆኖ ሳለ የሶዲየም አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አቶሞች) በንብርብሮቹ መካከል በፍጥነት እንደሚያሳልፍ ባያሳዩ ኖሮ፣ የሶዲየምና የድኝ ባትሪ የሚታሰብ አልነበረም። ባትሪው 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሠራ፣ የቀለጠውን ሶዲየም ከቀለጠው ድኝ የሚለየው ከዚሁ ሴራሚክ የተሠራ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሚወፍር ቱቦ ብቻ ነው፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ሁለቱ በቀጥታ ተገናኝተው እሳት ሊነሣ ይችላል።

ይህን ቱቦ መሥራት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከ1,500 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲተኮስ ሶዲየሙ ተንኖ ስለሚያመልጥና ቱቦውም አዮን የማስተላለፍ ብቃቱ ስለሚቀንስ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ መተኮስ አለበት። በእኔ እምነት ዋናው ወጪና ሥጋት ያለው እዚህ ላይ እንጂ በሶዲየሙ ዋጋ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ተመራማሪዎቹ ጉዲነፍና ሆንግ ያስተዋወቁት፣ ከሶዲየም፣ ከዚርኮኒየም፣ ከሲሊከን፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተዋቀረው ናሲኮን የተባለ ሴራሚክ በዝቅተኛ ሙቀት ለሚሠራ ባትሪ ተስፋ በመሆኑ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ በሰፊው እንድትመለሱበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ